ግንባሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰፊ ነው፤ ፀጉር ላስተክል?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ፀጉር ንቅለ ተከላ የሚጠይቁ ናቸው፤ ከእነሱም ግማሽ ያህሉ «ፀጉሬ አልተነቀለም፣ ስፈጠርም ግንባሬ ሰፊ ነው» ከሚሉ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ስድስቱን መርጠን የቆዳና የፀጉር ሕክምና አምደኞቻችን እንዲመልሱ አድርገናል። ጠያቂዎቹን በከተማቸው ብቻ ጠርተናል።

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፎቶዬ ላይም ፀጉሬ የሚጀምረው አሁን ከሚጀምርበት ቦታ ነው፤ ሁለቱም ጎኖች ገባ ያሉ ናቸው። አባቴ በ60 ዓመቱም ፀጉሩ ሙሉ ነው፤ ከእናቴ ወንድሞች ግን ሁለቱ ራሰ በራ ናቸው። ፀጉሬ ከርዳዳ ነው። ኢስታንቡል ለሚገኝ ክሊኒክ ፎቶ ልኬ «4000 ግራፍት (ከነሥሩ ወጥቶ የሚተከል የጥቂት ፀጉር ቅንጣት)፣ በአንድ ቀን፣ ሆቴል ጨምሮ» የሚል መልስ ላኩልኝ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የፀጉርዎ መስመር የቆመ ይሁን የሚሸሽ መለየት አለበት። ደብዳቤዎ የቆመ ነው ወደሚለው ያደላል፤ የስምንተኛ ክፍል ፎቶ ግን ብቻውን አይበቃም። መስመሩ ከቦታው ሳይነቃነቅ ከኋላው ያለው ፀጉር መሳሳት ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

የፀጉሩን መነሻ በስልክ ካሜራ አጉልተው ያንሱትና ይዩት። ተፈጥሮው ሰፊ በሆነ ግንባር ላይ ከፊት ጥቂት ለስላሳ የጨቅላ ፀጉር ይኖርና ወዲያው ወፍራሙ ይጀምራል። በሚሸሽ መስመር ላይ ወፍራሙ፣ መካከለኛውና እንደ ክር የቀጠነው ተደበላልቆ ይታያል። የቆዳ ሐኪም ይህንኑ በደርማቶስኮፕ አጉልቶ ያያል፤ ከፀጉሮቹ ከ20 በመቶ በላይ የሚሆኑት ውፍረታቸው ከተለያየ የወንዶች ራሰ በራነት መጀመሩን ይጠቁማል። ሌላው መንገድ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ማስመሪያ ከቅንድብዎ መሃል እስከ ፀጉሩ መነሻ አስደግፈው ፎቶ ይነሡ፤ ከ6 ወር እና ከ12 ወር በኋላም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርሃን ይድገሙት። ልኬቱ ካልተለወጠ መስመሩ የቆመ ነው። ስለ አጎቶችዎ ደግሞ፦ ራሰ በራነት ከእናት ወገን ብቻ ይወረሳል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ከሁለቱም ወገን ይመጣል። ስለዚህ የአባትዎ ሙሉ ፀጉር ዋስትና አይሆንዎትም፤ የአጎቶችዎ በራም ፍርድ አይደለም።

ይህን ያህል የምንጠነቀቅበት ምክንያት አለ። ከማጅራትና ከጆሮ ኋላ የሚወሰደው ፀጉር ወደ ግንባር ቢዛወርም የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ ይቆያል፤ ኒውዮርክ ይሠራ የነበረው የቆዳ ሐኪም ኖርማን ኦሬንትራይክ ይህን በ1959 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ካሳተመ ወዲህ መላው ሙያ የቆመው በዚህ ላይ ነው። የተተከለው አይሸሽም። ከኋላው ያለው የራስዎ ፀጉር ግን በ35 ዓመትዎ ሊሸሽ ይችላል። ያኔ ግንባር ላይ አንድ ቀጭን የፀጉር መስመር፣ ከኋላው ገላጣ፣ ከዚያ ደግሞ ፀጉር ይሆናል። ይህን ለማስተካከል እንደገና መትከል ነው፤ እሱም ከማጅራት የቀረ ፀጉር ካለ። ብዙ ጥሩ ሐኪሞች ከ25 ዓመት በታች ያለን ወጣት ገና ጠብቅ ብለው የሚመልሱት ለዚህ ነው። እርስዎም ቢያንስ የ6 ወሩን ፎቶ ሳይዙ ቀን እንዳይቆርጡ እንመክራለን።

አሁን ወደ 4000 እንምጣ። ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት። የፊቱን መስመር በ1.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ቢፈልጉና የግንባሩ ስፋት 14 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሚሞላው 21 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ለሁለቱ ጎኖች 9 ያህል ቢጨመር 30 ይሆናል። ፊት ላይ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ35 እስከ 40 ግራፍት ሲተከል ጠቅላላው ከ1050 እስከ 1200 ነው። የአብዛኛው ሰው ማጅራት በዕድሜ ዘመኑ ሳይሳሳ ሊሰጥ የሚችለው ከ4000 እስከ 6000 ግራፍት ነው፤ የከርዳዳ ፀጉር ጥግግት በአማካይ አነስ ስለሚል የእርስዎ ወደ ታችኛው ቁጥር ሊጠጋ ይችላል። ክሊኒኩ በ26 ዓመትዎ፣ በአንድ ቀን፣ ሙሉ ተቀማጭዎን አውጥተው ለግንባር እንዲያውሉት ነው የጠየቀዎት። ወይ ቁጥሩ ለማስታወቂያ የተጋነነ ነው፣ ወይ ፀጉሩን እየሰነጠቁ አንዱን ሁለት ብለው ይቆጥራሉ፣ ወይ ደግሞ እውነትም 4000 ይነቅሉና ማጅራትዎ ብል እንደበላው ጨርቅ ይሆናል። ከሦስቱ የሚመረጥ የለም።

ከርዳዳ ፀጉር በዚህ ሥራ ላይ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ መጠቅለሉ ነው፤ አንዱ ፀጉር ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፣ ጥቁር ፀጉር በጠይም ቆዳ ላይ ሲሆን ደግሞ ክፍተቱ አይጎላም። ሉጫ ፀጉር 45 የሚፈልግበትን ቦታ የእርስዎ በ35 ሊሞላ ይችላል። ጉዳቱ ከቆዳው በታች ነው። ፀጉሩ ከላይ እንደሚጠቀለል ሁሉ ሥሩም ውስጥ ለውስጥ እንደ ማጭድ ይታጠፋል። ኤፍ ዩ ኢ በሚባለው ዘዴ ፀጉሩ አንድ በአንድ የሚወጣው 0.8 ወይም 0.9 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ስለት ነው፤ ስለቱ ቀጥ ብሎ ሲገባ የታጠፈውን ሥር ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ሥር ደግሞ ቢተከልም አብዛኛውን ጊዜ አይበቅልም። በከርዳዳ ፀጉር የሠለጠነ ሐኪም 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ስለት ይመርጣል፣ በጥልቀት አያስገባም፣ ከዋናው ቀን በፊትም ከ50 እስከ 100 ግራፍት አውጥቶ ስንቱ እንደተቆረጠ በአጉሊ መነጽር ይቆጥራል። ይህ የሙከራ ሥራ ቁልፍ ነው፤ በሉጫ ፀጉር ላይ ብቻ የሠራ ሰው አስፈላጊነቱም አይገባውም። ኤፍ ዩ ቲ የሚባለው ሌላው ዘዴ ከማጅራት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቆዳ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ መለያየት ነው። ሥሩ እየታየ ስለሚለይ የሚቆረጠው ያንሳል፤ ግን በማጅራት ላይ አግድም የጠባሳ መስመር ይቀራል። ፀጉርዎን በዜሮ የሚላጩ ከሆነ ይህ አይሆንዎትም።

«ዲ ኤች አይ» እና «ሰንፔር» የሚሉትን ቃላት በማስታወቂያ ላይ ያዩ ይሆናል። የመጀመሪያው ግራፍቱን የሚያስገባ የብዕር ቅርጽ ያለው መሣሪያ ነው፤ ሁለተኛው ቀዳዳ የሚከፍት ስለት። ሁለቱም ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፣ ፀጉሩ የሚወጣው ግን ያው በኤፍ ዩ ኢ ነው። በዚህ ስም ዋጋ ሲጨመርብዎ ዝም አይበሉ።

ለክሊኒኩ በጽሑፍ የሚልኳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ይሁኑ። ግራፍቱን የሚያወጣውና ቀዳዳውን የሚከፍተው ሐኪሙ ነው ወይስ ሠራተኛ? ሐኪሙ በዚያ ቀን ስንት ሰው ይሠራል? ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፀጉር ግራፍት ተለይቶ ይቆጠራል? ከርዳዳ ፀጉር ካላቸው ሰዎች የ12 ወር ውጤት፣ ማጅራታቸውም ጭምር፣ ያሳዩኛል? ዓለም አቀፉ የፀጉር ተሃድሶ ቀዶ ሕክምና ማኅበር ሐኪም በሌለበት በሠራተኛ ብቻ ስለሚካሄድ ንቅለ ተከላ ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል። ኢስታንቡል ምርጥ ሐኪሞችም አሉ፤ በአንድ ፎቶ 4000 የሚል ዋጋ ከመላክ በፊት ግን እነሱ ማጅራትዎን ማየት ይፈልጋሉ።

አንድ ነገር እንጨምር። ማደንዘዣው ሊዶካይን ነው፤ አድሬናሊን ሲቀላቀልበት የላይኛው ወሰን በኪሎ 7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 420 ሚሊ ግራም፣ በ2 በመቶ ፈሳሽ 21 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ብዙ ሺህ ግራፍት በአንድ ቀን ሲሠራ መጠኑ እዚያ ይጠጋል። ከንፈር ዙሪያ መደንዘዝ፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም፣ ጆሮ ላይ ጩኸት ከተሰማዎት ወዲያው ይናገሩ፤ መርፌው መቆም አለበት። ጫት የሚቅሙ ከሆነም ከቀናት በፊት ይተዉት፤ የልብ ምትና ግፊት ስለሚጨምር ከአድሬናሊኑ ጋር አብሮ ጥሩ አይሆንም።

ስለዚህ፦ የ6 ወሩ ፎቶ ካልተለወጠ፣ ደርማቶስኮፑ ንጹሕ ከሆነ፣ የሙከራ ግራፍቱም ከተሳካ 1200 ገደማ ግራፍት ለእርስዎ ምክንያታዊ ሥራ ነው። በ4000 ውል ግን አይሂዱ።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ ሴት ነኝ። ከቅንድቤ መሃል እስከ ፀጉሬ መነሻ 8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁሌም እንደዚህ ነበር። እዚህ አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ንቅለ ተከላውን ትተሽ ግንባሩን ቆርጠን ፀጉሩን ወደ ፊት እንሳበው አሉኝ። ፀጉሬን ወደ ኋላ አስይዤ ነው የምውለው። የቱ ይሻላል? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ሴት ላይ ከ6.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ሐኪሞች ሰፊ ግንባር ይሉታል፤ የእርስዎ 8 ነውና ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው።

የሐኪምዎ ሐሳብ በሙያው የታወቀ ነው። በፀጉሩ መነሻ ላይ ይቆረጣል፣ የራስ ቅል ቆዳው እስከ አናት ድረስ ከሥር ይላቀቃል፣ ወደ ፊት ይሳባል፣ የተረፈው የግንባር ቆዳ ይወገዳል። ቆዳው እንደ ልቡ የሚሳብ ከሆነ በአንድ ቀን 2 ወይም 2.5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። እየተሳበ መሆኑን ለማወቅ የሁለት እጅዎን ጣቶች አናትዎ ላይ ጥብቅ አድርገው ቆዳውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱት፤ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ አልነቃነቅ ካለ ብዙ አይወርድም። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም የራስዎ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ሳይሳሳ መውረዱ ነው፤ 12 ወርም አይጠበቅም።

የሚከፈልበት ዋጋ ጠባሳው ነው። ጥሩ ቀዶ ሐኪም ስለቱን አጋድሞ ስለሚቆርጥ ፀጉሩ በጠባሳው ውስጥ ዘልቆ ይበቅልና ይሸፍነዋል። ሆኖም እርስዎ ፀጉርዎን ወደ ኋላ አስይዘው ስለሚውሉ መስመሩ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነው። አናት ላይ ለወራት መደንዘዝ ይኖራል፤ መሃል አናት ላይ ጥቂት ፀጉር ለጊዜው ሊረግፍ ይችላል። ከዚህ በፊት ጆሮዎን ተበስተው ወይም ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎ ጠባሳው ያበጠ፣ ከቁስሉ ወሰን ያለፈ ከሆነ ኬሎይድ የማውጣት ዝንባሌ አለዎትና ይህን መንገድ እርሱት። በቤተሰብዎ ሴቶች ላይም ፀጉር በዕድሜ የሚሸሽ ከሆነ እንዲሁ፤ ፀጉሩ ሲሸሽ ጠባሳው ሜዳ ላይ ይቀራል።

በንቅለ ተከላ ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ለማውረድ 30 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሞላል፤ ለሴት ጠበቅ ተደርጎ በ45 ሲሠራ 1350 ግራፍት ነው። የፊተኛዎቹ ሁለት ሦስት ረድፎች ባለ አንድ ፀጉር ግራፍት ብቻ መሆን አለባቸው፣ ከቆዳውም ጋር ተጋድመው ወደ ፊት ሊያዩ ይገባል። እዚያ ላይ ባለ ሦስት ፀጉር የተተከለባት ሴት ፀጉሯን ወደ ኋላ ስትይዘው መነሻው እንደ ጥርስ ብሩሽ ይታያል። መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ መምሰል የለበትም፤ ትንሽ ወጣ ገባ ሲል ነው ሰው ሠራሽነቱ የሚጠፋው። ማጅራት ላይ ከፀጉሩ ሥር ተደብቆ አንድ መስኮት ብቻ ተላጭቶ ሊወሰድ ስለሚችል ሙሉ ራስዎን መላጨት አያስፈልግም። ጊዜውን ግን አስቡት፦ የተተከለው ከ3 ወይም 4 ወር በኋላ ብቅ ይላል፣ የእኛ ዓይነቱ ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ ሙሉ አይሞላም፤ ወደ ኋላ ከሌላው ጋር ለመያዝ ዓመት ተኩል ያስፈልጋል።

የእኛ አስተያየት፦ አስይዘው የሚውሉ ከሆነ ንቅለ ተከላው ይሻልዎታል። ወደ ፊት የወደቀ ፀጉር ወይም ጎፈሬ የሚያበዙ ቢሆኑ ኖሮ መልሳችን ይለወጥ ነበር።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው። ግንባሬ ድሮም ሰፋ ያለ ነበር፤ ካለፉት ሦስት አራት ዓመታት ወዲህ ግን ጎኑ ባሰበት። ሹሩባና ሂውማን ሄር ሳላወርድ ነው የምሠራው። አሁን ልተከል ወይስ ሚኖክሲዲል (ራስ ላይ የሚቀባውን የፀጉር መድኃኒት) ልጀምር? (ሴት፣ 31)

መልስ፦ ከሁለቱም በፊት ሹሩባው ይውረድ። የእርስዎ ከላይ እንዳሉት አይደለም፤ መስመሩ እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ መጎተቱ ይመስላል።

መስታወት ፊት የሚታይ ምልክት አለ። ጎኑ ሲሳሳ በጠርዙ ላይ አጫጭር ቀጫጭን ፀጉሮች እንደ ዘርፍ ቀርተው ከሆነ የመጎተት ጉዳት ነው። ዘርፉ ከሌለ፣ ቆዳው ከግንባሩ ይልቅ ነጣና ለስለስ ካለ፣ አንድ ሁለት ብቸኛ ፀጉር ከፊት ቀርቶ ከሆነ፣ በተለይ ቅንድብዎ ከሳሳ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ከማረጥ በኋላ ባሉ ሴቶች ላይ ይበዛል፣ በወጣትም ይታያል። ሥሩን አቃጥሎ ጠባሳ የሚያደርግ ስለሆነ በበሽታው ላይ የተተከለ ፀጉር አብሮ ይጠፋል። መለያው 4 ሚሊ ሜትር ቆዳ ወስዶ መመርመር ነው። በሽታው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ጸጥ ሳይል ተከላ አይታሰብም።

መጎተት ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የተያዘ ይመለሳል። ከተሠሩ በኋላ ራስዎን ካመመዎት፣ ለመተኛት ክኒን ከወሰዱ ወይም በሹሩባው ሥር ነጭ ብጉር ከወጣ ጠብቋል ማለት ነውና በዚያው ቀን ያስፈቱት። ለ6 ወር እስከ ዓመት የጎኑ ፀጉር አይነካ፤ በዚህ ጊዜ ሚኖክሲዲል ሊያግዝ ይችላል። እርግዝና ካሰቡ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ አይጀምሩ። ከዓመት በኋላ ያልተመለሰው ቦታ ሥሩ ጠፍቷል፤ እሱ ይተከላል፣ ጥሩም ይበቅላል፣ ምክንያቱም መጎተቱ ሲቆም ጉዳቱም ይቆማል። ተተክሎ ተመልሶ ሹሩባ የሚጠብቅ ከሆነ ገንዘቡም ፀጉሩም ይባክናል።

ጥያቄ፦ ከተፈጥሮ ሰፊ ለሆነ ግንባር የጉሎ ዘይት፣ የሽንኩርት ጭማቂ ወይም የጥብስ ቅጠል ይረዳል? ሚኖክሲዲልስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የፀጉር ሥር በሌለበት ቆዳ ላይ ማንኛቸውም ፀጉር አያበቅሉም። ሚኖክሲዲል የቀጠነ ሥርን ያወፍራል፤ ባዶ ግንባር ላይ ሲቀባ የሚያወፍረው ነገር አያገኝም። በራሰ በራነት ለሚሸሽ ፀጉር ግን ይሠራል፤ ለወንድ 5 በመቶው ፈሳሽ 1 ሚሊ ሊትር በቀን ሁለት ጊዜ በደረቅ ራስ ላይ፣ ውጤቱም ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ የሚታይ፣ ሲያቆሙ የሚጠፋ። መጀመሪያ ሳምንታት ላይ ፀጉር ሲረግፍ ደንግጠው ያቋረጡ ብዙ ናቸው፤ የተለመደ ነው። ፊት ላይ ከፈሰሰ ጉንጭ ላይ ፀጉር ያወጣል። ቤትዎ ድመት ካለች ደግሞ ከተቀባ ራስና ትራስ ያርቋት፤ ለድመት መርዝ ነው። የሽንኩርት ጭማቂው ብዙ ጊዜ ያመጣልን የቆዳ መቆጣት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ፀጉር ቤት በተላጨሁ ቁጥር ማጅራቴ ላይ ብጉር ይወጣል፣ አንዳንዱ ጠጥሮ ቀርቷል። ለንቅለ ተከላ ችግር ይሆናል? (ወንድ፣ 29፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይሆናል። ፀጉሩ የሚወሰደው ከዚያ አካባቢ ነውና። በከርዳዳ ፀጉር ላይ በቅርብ ሲላጭ የተቆረጠው ጫፍ ተጠቅልሎ ቆዳ ውስጥ ተመልሶ ይገባል፣ ሥሩ ይቆጣል፣ ቆይቶ እንደ ኬሎይድ ይጠጥራል። በጠጠረ ቆዳ ላይ ክብ ስለት ማስገባት ሥሩን መቁረጥና ቁስሉን ማስፋት ነው። ቢያንስ ሁለት ወር ማጅራቱ በምላጭም በዜሮ ማሽንም አይነካ፤ ማሽኑ ከፍ ባለ ቁጥር ይቆረጥ። የቆዳ ሐኪም ጋ ሄደው ይታከሙ፣ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ለቆዳ በሽታ የቆየ ክፍል አለው። ብጉሩ ወራት ጸጥ ካለ በኋላ ከላይኛው፣ ካልተነካው ማጅራት በጥቂቱ ሞክሮ ማየት ይቻላል። ጠጣሩ ብዙ ከሆነ ግን ተከላው ባይደረግ ይሻላል። በነጠብጣብ ንቅሳት ፀጉር የተላጨ የሚያስመስለው ዘዴ አለ፤ ለእርስዎ ዓይነት ቆዳ እሱንም በትንሽ ቦታ ሞክሮ ሁለት ወር ጠብቆ ነው።

ጥያቄ፦ ከተተከልኩ 7 ሳምንቴ ነው፤ በአምስተኛው ሳምንት የተተከለው ሁሉ ረገፈ። ተበልቻለሁ ማለት ነው? ወንድሜም በሁዳዴ መጨረሻ ቀጠሮ ይዟልና የሚጠነቀቀው ነገር ካለ ንገሩን። (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ አልተበሉም። ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ግንዱ ይረግፋል፣ ሥሩ ግን ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ከ3 ወይም ከ4 ወር ጀምሮ ቀጭን ሆኖ ብቅ ይላል፣ በ6 ወር ግማሽ ያህሉ ይታያል፣ ሙሉ ውጤቱ ከ12 እስከ 18 ወር ነው። ብቅ ሲል ጥቂት ብጉር ይዞ ይወጣል፤ አይፍረጥ፣ በሙቅ ውኃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይያዝ። መግል እየበዛ፣ ሕመም እየጨመረ፣ ትኩሳት ከመጣ ግን ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ወንድምዎ ቀጠሮውን ያዛውረው። በሰሙነ ሕማማት ስግደት ይበዛል፤ ግራፍቱ ደግሞ ቦታውን የሚይዘው ከ9 ወይም ከ10 ቀን በኋላ ነው። ግንባር መሬት ሲነካ ይነቀላል፣ ራስ ዝቅ ሲል ደግሞ እብጠቱ ይብሳል። በሶላትም እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቀምጦ በራስ ምልክት መስገድ ይሻላል።

የቀረው እንዲህ ነው። ከሥራው 2 ሳምንት በፊት ሲጋራ ያቁም፤ አስፕሪን የሚወስድ ከሆነ ያዘዘለትን ሐኪም ሳይጠይቅ አያቋርጥ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በየሰዓቱ ጨዋማ ውኃ ይረጭበት። ለ5 ወይም 6 ሌሊት ራሱን ከፍ አድርጎ፣ የአንገት ትራስ ይዞ በጀርባው ይተኛ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ከግንባር ወደ ዓይን ሽፋን ይወርዳል፤ አያስፈራ፣ ግንባሩ ላይ በረዶ ማድረግ ይችላል፣ ተከላው ላይ ግን በፍጹም። ከ3ኛው ቀን ጀምሮ የሕፃን ሻምፑ አረፋ አድርጎ ያስቀምጥበት፣ በስኒ ውኃ አፍስሶ ያጥበው፤ ከሻወር በቀጥታ የሚመጣው ውኃ ይጎዳዋል። ቅርፊቱ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 10ኛው ወይም 14ኛው ቀን ይወርዳል። ቅቤና ዘይት ቢያንስ ለአንድ ወር አይቀባ። ግራፍት የሚነቀልበት የተለመደ አጋጣሚ የታክሲ በር ነው፤ ሲገባና ሲወጣ ራሱን ይጠብቅ፣ አውሮፕላን ላይም ሻንጣ የሚያወርድለት ሰው ይለምን። የተተከለበት ቦታ መሃል ጠቁሮ ወይም ሐምራዊ ሆኖ እየታመመ ከሄደ ደም አልደረሰውም ማለት ነው፤ ይህ ቀን የሚሰጥ ነገር አይደለም፣ በዚያው ሰዓት ይደውል።